ለማያውቋት ሰዎች የነገረችውን ለእኔ ለምን ደበቀችኝ?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ከእናቴ፣ ከወንድሜና ከታናሽ እህቴ ጋር አዲስ አበባ እኖራለሁ። እህቴ 21 ዓመቷ ነው። ክፍለ ሀገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ለእረፍት ከመጣች ወዲህ ሌላ ሰው ሆናብናለች። ምግብ አትበላም። ጓደኞቿ ሲደውሉ አታነሳም። ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ስልኳ ላይ ታፈጣለች። ፍቅር ይዟት ነው ብለን አልፈነው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሻወር ስትገባ ስልኳን ሳትቆልፈው ሄደች። አነበብኩት። ቴሌግራም ላይ ሰዎች ስማቸውን ሳይጽፉ የሚያወሩበት ግሩፕ ውስጥ ናት። ‹ተኝቼ ጠዋት ባልነቃ ደስ ይለኛል› ብላ ጽፋለች። ስሩ ብዙ ሰው መልሶላታል። አንዷ ‹እኔም እንዳንቺ ነበርኩ፣ ይኸው ዛሬ አለሁ› ትላታለች። አንዱ ‹አልተኛሁም፣ አውሪኝ። ራት በልተሻል?› ይላታል። ለእኛ ‹ደህና ነኝ› ከማለት ውጪ ቃል የማትተነፍሰው ልጅ እዚያ ረጅም ረጅም መልስ ትጽፋለች።

ለእናቴ ነገርኳት። አለቀሰችና ጸበል እንውሰዳት አለች። ወንድሜ ‹ያበላሻት ይሄ ስልክ ነው፣ ቀሟት› ይላል። እኔ ግራ ገብቶኛል። እውነቱን ለመናገር ቅናትም ይዞኛል። እናቴ ሥራ ስትውል ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ለማያውቋት ሰዎች የነገረችውን ለእኔ ለምን ደበቀችኝ? ስልኳን እንቀማት? ማንበቤንስ ልንገራት?

ታላቅ እህት ነኝ፣ ከመገናኛ አካባቢ»

መልስ፦

ውድ ታላቅ እህት፣

ስልኳን አትቀሟት። ምክንያቴን እመለስበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ መደረግ ያለበት ነገር አለ። የቀረውን ሳታነቢ ብትነሺ እንኳ ይቺን አድርጊ። ጠይቂያት። በቀጥታ።

«ራስሽን ስለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» በያት። ቃሉ ከአፍ አልወጣም ይላል፣ አውቃለሁ። ብዙ ቤተሰብ «ያላሰበችውን ላስታውሳት እንዴ?» ብሎ ይፈራል። በ2014 እ.ኤ.አ. የለንደን ተመራማሪዎች በዚህ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው አይተው ነበር። መጠየቅ ሐሳቡን እንደሚጨምር ያሳየ አንድም ጥናት አላገኙም። እንዲያውም ሲጠየቁ ቀለል የሚላቸው እንዳሉ ነው ያዩት። እህትሽ ደግሞ ሐሳቡን ከአንቺ አትማረውም፤ ይዛው ነው የምታድረው። ጥያቄሽ የሚነግራት አንድ ነገር ነው፤ ይህን ነገር እዚህ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ መናገር እንደሚቻል።

ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ይሁን። እናታችሁ ባለችበት አይሁን፣ ወንድማችሁም ባለበት አይሁን። ፊት ለፊት መተያየት ከከበዳት አብራችሁ ወጣ በሉ፣ እየሄዳችሁ ይወራል። «እንዲህ ያለ ነገር አታስቢም አይደል?» ብለሽ ግን አትጠይቂ። መልሱን አፏ ውስጥ አስቀመጥሽላት ማለት ነው። «አላስብም» ትልሽና በሩ ይዘጋል።

«አዎ» ካለችሽ አትጩሂ። ብታለቅሺ ችግር የለውም፣ እህቷ ነሽ። ግን እሷ አንቺን አባባይ እንዳትሆን ተጠንቀቂ። «በእኔ ሞት ማይልኝ» የሚለውን የአገራችንን ነገርም ተይው። ብዙ እናትና እህት ልጅን በራሳቸው ሞት ያስምላሉ። ልጅቷ ትምላለች። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ሲመጣባት መሐላዋን ያፈረሰች ስለሚመስላት ጭራሽ አትናገርም። ከማስማል ይልቅ ሁለተኛ ጥያቄ ጠይቂ። ከመቼ ጀምሮ ነው? በየቀኑ ነው ወይስ አልፎ አልፎ? እንዴት እንደምታደርገው አስባለች? መቼ ብላ ቀን ቆርጣለች? ከዚህ በፊት ሞክራ ታውቃለች?

«ባልነቃ ደስ ይለኛል» ማለትና እቅድ ይዞ ቀን መቁረጥ አንድ አይደሉም። ሁለቱም ግን ሐኪም ይፈልጋሉ። ልዩነቱ የፍጥነት ነው። እቅድ ካላት፣ የምትጠቀምበትን ነገር አዘጋጅታ ከሆነ ወይም «ዛሬ እፈራለሁ» ካለችሽ ብቻዋን አትተያት። ሽንት ቤት ስትሄድም በር ላይ ቁሚ። ጠዋትን ሳትጠብቁ አቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ትራንስፖርት ቢቸግር የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። እቅድ ባይኖራትም ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሰብስበሽ ቆልፊበት፤ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ሌላ ነገርም ካለ ከቤት አውጪው። እንዲህ ያለ ሰዓት ከባድ ነው፤ ግን ብዙውን ጊዜ ያልፋል። በዚያች ሰዓት እጅ ላይ ምንም አለመኖሩ የስንቱን ሕይወት አትርፏል።

አሁን ወደ ስልኩ ልመለስ።

ወንድምሽ ስልኩን ጥፋተኛ ያደረገው ስለሚወዳት ነው። የሚታየው እሱ ነዋ። ሌሊት ፊቷ ላይ የሚያበራው እሱ ነው። ግን የጻፍሽልኝን መልሰሽ አንብቢው። እህትሽ ላለመንቃት በተመኘችበት ሌሊት አንድ ሰው «ራት በልተሻል?» ብሏታል። ይህን ጥያቄ ያመለጠው ቤተሰብ ነው ለማለት አይደለም። እናንተም በየቀኑ «ብይ እንጂ» ትሏታላችሁ። የዚያ ሰው ጥያቄ ግን የመጣው ስለ ሞት የጻፈችውን ካነበበ በኋላ ነው። ሁሉንም አውቆ፣ ሳይደነግጥ፣ ሳይቆጣ፣ ስለ ራት ጠየቃት። ነገ ጠዋት ስልኳን ብትቀሟት የምትወስዱባት ስልክ ብቻ አይሆንም፤ ሌሊት የሚያናግሯትን ሰዎች ነው። ሕመሟ ግን እዚያው ይቀራል። በዚያ ላይ «ተናገርኩና ተቀጣሁ» ትላለች። ዳግመኛ ለማንም አትናገርም።

ለምን ደበቀችኝ ላልሽው፣ የእኔ ግምት ይህ ነው። ለእንግዳ ሰው ሲነግሩት እንግዳው አያለቅስም። ነገ ቡና ላይ ለጎረቤት አያወራም። እዳ የለበትም፣ ውለታም የለበትም። አንቺ ግን አሳድገሻታል። «ይህን ሁሉ ለፍታልኝ እኔ መኖር አልፈልግም ልበላት?» ብላ ስንት ሌሊት አስባ ይሆናል። በብዙ ቤት ልጆች ዝም የሚሉት የሚወዱትን ሰው ላለመጉዳት ነው። ታናሽሽ ያራቀችሽ ስላላመነችሽ አይመስለኝም፤ እንዳትሰበሪባት ብላ ነው። ያ ቅናት የሚያሳፍር አይደለም። ግን በሚቀጥለው ወር ስለ እሱ ለጓደኛሽ አውሪ እንጂ ለእሷ አታንሺው። አሁን እሱን መሸከም አትችልም።

በዚያ ላይ «ሆድ ይፍጀው» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ገበና አይወጣም። «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም እንኳ መንገድ ላይ ስድብ ሆኖ ነው የሚሰማው። ልጅቷ ይህን ሁሉ ሰምታ ነው ያደገችው። ስሟን የማይጠይቅ ቦታ ብትመርጥ አይገርመኝም።

እንግዳ ሰው ያጽናናል ወይ ብትይኝ አንድ ታሪክ ልንገርሽ። በ1935 እ.ኤ.አ. ቻድ ቫራህ የሚባል ወጣት የእንግሊዝ ቄስ የአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ቀብር አስፈጸመ። ልጅቷ የወር አበባ ሲጀምራት ክፉ በሽታ የያዛት መስሏት ራሷን አጥፍታ ነበር። የምትጠይቀው አንድ ሰው አልነበራትም። ያ ቀብር ከቄሱ ልብ አልወጣም። በ1953 ለንደን ውስጥ ባለ ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ስልክ አስቀምጦ፣ ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ ሰው ይደውልልኝ ብሎ አስነገረ። ሰው በስልክም በአካልም ጎረፈ። እሱ አንዱን እያናገረ ሌሎቹ ውጪ ተራ ይጠብቃሉ። የሚጠብቁትን ሻይ እያቀረቡ የሚያጫውቱ ተራ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ቄሱ ቆይቶ አንድ ነገር አስተዋለ። ብዙዎቹ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ካወሩ በኋላ እሱን ማግኘት ሳያስፈልጋቸው ቀልሏቸው ይሄዳሉ። ስለዚህ ስልኩን ለበጎ ፈቃደኞቹ አስረከባቸው። ሳማሪታንስ የሚባለው ድርጅት እንዲህ ተጀመረ። በ1994 እ.ኤ.አ. በኢሜይልም መመለስ ጀመሩ። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የምንለው እኛ ነን፤ ያ ሰው የግድ የሚያውቁት መሆን እንደሌለበት ግን ከዚህ ታሪክ ይታያል።

ሌላም ልጨምር። የኦስትሪያ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ጋዜጦች ስለ ራስ ማጥፋት የጻፉትን አንድ በአንድ አይተዋል። ሐሳቡ መጥቶባቸው ሳያደርጉት ስላለፉት ሰዎች የሚናገሩ ዘገባዎች ከወጡ በኋላ የሟቾች ቁጥር ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። አንድን ሞት እያጋነኑ ደጋግመው የሚያወሩ ዘገባዎች ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ናቸው። እህትሽን «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ፣ ይኸው ዛሬ አለሁ» ያለቻት ሴት ሳታውቀው ትልቅ ነገር ሠርታለች። እኔም አንቺም ይህን ልንላት አንችልም። ከዚያ ያለፈ ሰው ብቻ ነው እንዲህ ማለት የሚችለው።

ይህን ስልሽ ግሩፕ ሁሉ ደህና ነው ማለቴ አይደለም። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እናውራ፣ ምክንያቱም የወንድምሽ ፍርሃት ከንቱ አይደለም።

ደህና ግሩፕ ውስጥ አድሚኑ አይተኛም ማለት ይቻላል። ስለ ዘዴ የሚጽፍ ሰው ከመጣ ወዲያው ይሰረዛል። ሰዎቹ ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ውጪ ይገፋሉ። «ዛሬ አጠገብሽ ሰው አለ?» «ለእህትሽ ነግረሻታል?» «ሐኪም አይተሻል?» ይላሉ። ወሬው ሁሉ በሚያየው ቦታ ነው። ድነው የሄዱ ሰዎች አልፎ አልፎ ተመልሰው «እንዴት ናችሁ» ይላሉ።

መጥፎው ሞትን እንደ እረፍት የሚያቆነጅ ነው። «ከእኛ በቀር የሚገባሽ የለም፣ ቤተሰብሽን ተያቸው» የሚል ሰው ያለበት ነው። «አብረን እናድርገው» የሚል ሰው ካለ አንድ ደቂቃም አይቆይም፤ ስክሪንሾት አንስታችሁ ሪፖርት አድርጉትና ብሎክ። ኢንቦክስ ገብቶ ፎቶ የሚለምን አለ። «ሳይኮሎጂስት ነኝ፣ በቴሌብር ይህን ያህል ላኪ» የሚልም አለ። ትክክለኛ ባለሙያ ፈቃድ አለው፣ የሚሠራበት ቦታ አለው፣ ሙሉ ስም አለው። ሌሊት በሚያለቅስ ሰው ኢንቦክስ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከሁሉ የምፈራው ኢንቦክሱን ነው። አሜሪካ ሚኔሶታ ውስጥ ነርስ የነበረ አንድ ወንድ እንዲህ ባሉ ቦታዎች ወጣት ሴት ነርስ መስሎ ይገባ ነበር። የተጨነቁ ሰዎችን ይፈልጋል፣ ያዝንላቸዋል፣ ጓደኛ ይሆናቸዋል፣ ከዚያ እንዲሞቱ ይገፋፋቸዋል። ፍርድ ቤት ቀርቦ ተፈርዶበታል። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው እያልኩሽ አይደለም። አዛኝ መስሎ የሚመጣ እንዳለ እህትሽ እንድታውቅ ነው። በእኛም አገር ሌላውን ራሱን እንዲያጠፋ ያነሳሳ ወይም የረዳ ሰው ወንጀለኛ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 542 ይቀጣዋል። ማስረጃ ካላችሁ ለፖሊስ መስጠት ትችላላችሁ።

ይህን ሁሉ አንቺ ስልኳን ነጥቀሽ አትመርምሪ። አብራችሁ እዩት። «እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? የምትወጃት አለች?» ብለሽ ጠይቂያት። ስለ ጓደኞቿ እንደምትጠይቂው አድርገሽ ነው እንጂ እንደ መርማሪ አይደለም። ማን ደህና፣ ማን አስፈሪ እንደሆነ እሷ ራሷ ታውቀዋለች። እዚያ ያለችው እሷ ናት።

አሁን ደግሞ ከግሩፑ አቅም በላይ ስለሆነው። በጣም ደጉ ግሩፕ እንኳ የማይችለው ነገር አለ። እነዚያ ሰዎች ሕመሟን ያውቃሉ፣ በራችሁን ግን አያውቁም። አንድ ሌሊት ክፉ ነገር ብትጽፍ «የት ነሽ?» ብለው ከመጨነቅ በላይ አቅም የላቸውም። አንቺ በሩን ታውቂያለሽ፣ ግድግዳ ለይቷችሁ ነው የምትተኙት፤ ሕመሟን ግን እስካለፈው ሳምንት አታውቂም ነበር። ሥራሽ እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት ነው። ግሩፑ ውስጥ የምታምናት ሰው ካለች እህትሽ ፈቅዳ የአንቺን ስልክ ቁጥር ትስጣት። «ከከፋኝ ለእሷ ደውይላት» ብላ። ይህች አንዲት ነገር ብቻ ብዙ ነገር ትለውጣለች።

እንቅልፉም አለ። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ቀን መተኛት ለእንዲህ ያለ ሐሳብ መጥፎ ነው። በዚያ ላይ የራሷ ሳያንስ የሌሎችን ሐዘን እያነበበች ታነጋለች። አንዳንዴ እሷ ራሷ አጽናኝ ትሆናለች። ሌላውን ማጽናናት ያበረታል፤ ሲበዛ ግን ያደቃል። ስለ ሰዓት ከእሷ ጋር ተነጋገሩ። ለምሳሌ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስልኩን ሳሎን ማስቀመጥ፣ ሐሳቡ ከመጣባት ግን አንቺን መቀስቀስ። ልትቀሰቅስሽ እንደምትችል ከልብሽ ንገሪያት። ነገ ሥራ ቢኖርሽም።

ማንበብሽን ንገሪያት። ደብቀሽ ብትጠይቂያት አንድ ቀን ከአፍሽ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የነገረችሽ ሁሉ እንደ ተሰለለች ሆኖ ይሰማታል። ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም። እንዲህ በያት፦ «ስልክሽ ክፍት ሆኖ አይቼ አነበብኩ። ሳልጠይቅሽ ማንበቤ ልክ አልነበረም። ያነበብኩትን ግን እንዳላነበብኩ ልሆን አልችልም። አልተቆጣሁሽም። ልስማሽ እፈልጋለሁ።» ትቆጣ ይሆናል። ትቆጣ። ክፍሏ ገብታ በሩን ብትዘጋ፣ እዚያው ውጪ እንዳለሽ ንገሪያትና ቆይ። ከቁጣው በኋላ ነው የሚወራው።

ስታወራ መፍትሔ አታቅርቢ። «ስንት የባሰበት አለ»ን ተይው። «ምን ጎደለሽ?»ንም ተይው። «ኃጢአት ነው እኮ»ንም እንዲሁ። ኃጢአት መሆኑን እሷም ታውቃለች፤ ምናልባት እስከ ዛሬ ከያዟት ነገሮች አንዱ እሱ ይሆናል። ከአፍሽ እንደ ተግሣጽ ሲወጣ ግን ወሬውን ይቆርጠዋል። «እሺ… ከዚያስ?» «ያን ጊዜ ምን ተሰማሽ?» ይበቃል።

እናትሽ ጸበል ካሉ አትከልክያቸው፣ እህትሽም ከፈለገች ትሂድ። እምነት ላላት ልጅ ጸበሉ ቦታ መሄዱ፣ መጸለዩ፣ የንስሐ አባቷን ማናገሩ ጉልበት ይሰጣታል። የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። ያለፈቃዷ በግድ አትወሰድ። ሐኪም ያዘዘላት መድኃኒት ካለም ጸበል ስለጀመረች ተብሎ አይቋረጥ። የሥነ አእምሮ ሐኪሞችና የጸበል ቦታ አገልጋዮች አዲስ አበባ ውስጥ ተባብረው ሕሙማንን እንዳገለገሉ በጥናት ታትሞ ወጥቷል። ሁለቱ አይጣሉም። ለእናትሽ እንዲህ ብለሽ አስረጃቸው፤ ቄሱም ብትጠይቋቸው ይህንኑ ሳይሏችሁ አይቀሩም።

ሐኪም ጋ መሄድ አለባት። ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም፣ ጊዜው ብቻ ነው የሚመረጠው፤ እሱም በዚህ ሳምንት። አለመብላት፣ ሰው መሸሽ፣ የእንቅልፍ መዛባትና የሞት ምኞት አንድ ላይ ሲመጡ ድባቴ የሚባለው ሕመም ሊሆን ይችላል። ይታከማል። ለእናንተ ሰፈር ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ይቀርባል፣ የአእምሮ ሕክምና ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ነው። አማኑኤል አለ። ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስና ዘውዲቱም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። «ሰው ያየኛል» ካለች ሰፈራችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩና ሪፈር ያጽፉላት። አብረሻት ግቢ፤ ከሐኪሙ ጋር ብቻዋን የምታወራበት ጊዜ ግን ስጫት። ከፈለገች ግሩፑ ላይ የጻፈችውን ለሐኪሙ ታሳየው። በቃል ለመናገር የሚያንቀው ነገር እዚያ ተጽፎ አለና።

መድኃኒት ከታዘዘ ሁለት ነገር ልብ በይ። የድባቴ መድኃኒት በማግስቱ አይሠራም፤ ለውጥ ለማየት ሳምንታት ይወስዳል። «አልሠራልኝም» ብላ በራሷ እንዳታቆም። ወጣት ስለሆነች ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቅርብ ተከታተሏት። ሐሳቡ ቢባባስባት ወዲያው ለሐኪሙ ንገሩ። መድኃኒቱ አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ የዕለቱን የዕለቱን ስጫት።

አንቺም ሰው ያስፈልግሻል። ከጓደኞችሽ አንዷን ምረጪና ንገሪያት፣ የእህትሽን ስም ሳትጠሪም ቢሆን። ወንድምሽን አትግፊው። «ስልኩን ተውና ማታ ማታ ይዘሃት ወጣ በል» በይው። መሥራት የሚወድ ወንድም ይመስለኛል። ሥራ ስጪው።

ይህን የምታነቡ፣ ራሳችሁ እንደዚያች ታናሽ እህት የሆናችሁ ካላችሁ አንድ አፍታ ከእናንተ ጋር ልቁም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በዓመት ከ720,000 በላይ ሰው ራሱን ያጠፋል። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉ ወጣቶች ዘንድ ደግሞ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ይህ ነው። ሐሳቡ መጥቶባቸው በሕይወት የሚኖሩት ግን ከእነዚያ እጅግ ይበዛሉ። እናንተ ብቻ አይደላችሁም፣ አላበዳችሁምም። ግሩፕ ላይ መጻፍ ከቀለላችሁ ጻፉ። ግን ከጻፋችሁት አንዲት መስመር ቀድታችሁ በአካል ለሚያገኛችሁ አንድ ሰው ላኩለት። «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማውራት እፈልጋለሁ» በሉት። እሱ ካልሰማችሁ ወደ ሁለተኛው ሂዱ። ዛሬ ሌሊት ራሳችሁን ከፈራችሁ ግን አትጻፉ፤ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ቀስቅሱ።

ከአገር ውጪ ያላችሁ፣ አሜሪካ ከሆናችሁ 988 ደውሉና አስተርጓሚ ጠይቁ። እንግሊዝ 116 123 ነው። እስራኤል 1201፣ ሊባኖስ 1564። በሰው ቤት ተቀጥራችሁ ከግቢ የማትወጡ እህቶች፣ ከአረብ አገር እንዲህ ያለ ግሩፕ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ለብዙዎቻችሁ የሚያናግራችሁ ሰው ያለው እዚያ ብቻ ነው። የምታምኗትን አንዲት ሴት ምረጡና የአሠሪያችሁን ስልክና የሰፈሩን ስም ስጧት። አንድ ቀን ብትጠፉ የት እንደምትፈለጉ የሚያውቅ ሰው ይኑር።

ታላቅ እህት፣ አንድ ነገር ረስቼ ነበር፤ ትምህርቷን። ዩኒቨርሲቲው ሊከፈት ሲል ጭንቀቱ ሊብስ ይችላል። መመለስ አልፈልግም ልትልሽም ትችላለች፤ ምናልባት እዚያ የደረሰባት ነገር ይኖራል። ቀስ ብለሽ ጠይቂያት፣ አትገፊያት። እስክትድን ዊዝድሮዋል መሙላት፣ ማለትም ትምህርቷን ለጊዜው ማቋረጥ ትችላለች። ሐኪሙ የሕክምና ማስረጃ ይጽፍላታል፤ እሱን ይዛችሁ ሬጅስትራር ዘንድ ቅረቡ። ማስረጃውን ምዝገባው ሳያልፍ ጠይቁ።